የእንጨት ፈላጩ ሚስት

ምድጃ በሌለበት ቤት ማገዶ የሚገዛ ሰው ወይ አብዷል፣ ወይ አፍቅሯል። ኦሸራት ግን ሁለቱንም አይደለሁም እያለች አንድ ክረምት ሙሉ ስትከራከር ከረመች። በእስራኤል፣ አሽቀሎን ከተማ፣ ራማት ኤሽኮል በሚባል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የወላጆቿ ቤት በረንዳ የብርቱካን ፍልጥ ከወገብ በላይ ተከምሮበት ልብስ ማስጫ እንኳ ጠፍቶ ነበር።

የነገሩ መነሻ የአክስቷ ተዝካር ነው። ለተዝካር የሚጣደው ትልቁ ድስት በጋዝ አይሆንም የሚሉ እናቶች ዛሬም አሉ፤ የኦሸራት እናት እትዬ ብርሃነሽ ደግሞ የእነሱ አለቃ ናቸው። ስለዚህ ልጃቸውን መኪና አስይዘው ከከተማው ዳር፣ ድሮ የብርቱካን እርሻ ከነበረበት አጠገብ ወዳለው የእንጨት ግቢ ላኳት። ኦሸራት እዚሁ አሽቀሎን ተወልዳ ያደገች፣ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት የምትሠራ ነርስ ናት። ስለ እንጨት የምታውቀው ነገር ቢኖር እንደሚነድ ብቻ ነው።

ግቢው ውስጥ አንድ ረጅም፣ ከሲታ ሰው የወይራ ጉማጅ ጉቶ ላይ አቁሞ፣ ምሣሩን መሬት አስደግፎ ቆሟል። አይመታውም። ዝም ብሎ ያየዋል።

«ያወራሃል እንዴ?» አለችው።

ቀና ሳይል፣ «ሲያወራኝ ነበር። አንች ስትመጭ ዝም አለ እንጅ» አላት።

ሳታስበው ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ ግን ጆሮው ስር ያለው ቆዳ ሲንቀሳቀስ አየችው።

«ይኸ ጉጥ አለበት» አለ በጣቱ እየነካ። «ጉጡን ፊት ለፊት ብመታው ምሣሬን ነክሶ ያስቀርብኛል። ዳር ዳሩን ነው የሚለመን።» ከዚያ በቀጭኑ ስንጥቅ ላይ የብረት ሽብልቅ ተከለ፤ ምሣሩን ትቶ ከባዱን መዶሻ አነሳ። ሦስት ጊዜ መታ፤ ወይራው ጮኾ ለሁለት ተከፈለ፤ ውስጡ እንደ ማር ቢጫ ነበር።

ስሙ ክንፉ ነው። ከጎንደር በልጅነቱ ከእናቱ ጋር መጥቶ፣ ወታደር ሆኖ፣ ያልሞከረው ሥራ ሳይኖር በመጨረሻ ዮታም በሚባል ሰው የእንጨት ግቢ አረፈ። የባርኔአ ሰፈር ባለ ቪላዎች ለክረምት ምድጃቸው የሚገዙት ፍልጥ ከዚያ ነው የሚወጣው። መፍለጫ ማሽን አለ። «ማሽኑ ቀጥ ቀጥ ያለውን ይበላል» ይል ነበር ክንፉ፤ «ጠማማውና ጉጣሙ የኔ ድርሻ ነው።»

የተዝካሩን እንጨት መኪናው ላይ እየጫኑ ሳለ አዛቃው፣ የሮኬት ማስጠንቀቂያው፣ ጮኸ። ግቢው መሸሸጊያ የለውም። ክንፉ ክንዷን ይዞ ከፍልጡ ቁልል ጀርባ አስተኛት፤ መዳፉን ጭንቅላቷ ላይ አደረገ። ሰማዩ ላይ የሆነ ነገር ፈነዳ፤ መሬቱ ከሆዷ በታች ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ጸጥ አለ። የእንጨት ትቢያና የላብ ሽታ ብቻ ቀረ። ተነሺ ያላትም፣ ልነሳ ያለችም አልነበረም።

«በሴዴር ነሽ? ደህና ነሽ?» አላት ቆይቶ።

«እጅህ ከበደኝ።»

ወዲያው አነሳው። ኦሸራት ምነው አፌን በቆረጠው አለች በልቧ።

በሳምንቱ ማገዶ ልትገዛ ሄደች። በሚቀጥለውም ሄደች። ክንፉ ቤታቸው ምድጃ እንደሌለው ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር፤ እንጨቱን ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ ያወጣው እሱ ነው። ግን አልጠየቃትም። ቀጥ ቀጥ ያለውን፣ ልጥ የሌለውን፣ እጅ የማይወጋውን መርጦ ይጭንላታል። እሷም ጉቶ ላይ ተቀምጣ ሲፈልጥ ታየዋለች። አንዳንዴ ሙሉ ከሰዓት አሥር ቃል አይነጋገሩም።

አንድ ቀን ምሣሩን አስቀመጠና ትቢያውን ከእጁ አራገፈ።

«ኦሸራት፣ በረንዳው ሞልቷል አይደል?»

«ሞልቷል።»

«እንግዲያ ሽማግሌ ልላክ፣ ወይስ ሌላ በረንዳ ትከራያለሽ?»

አለቀሰች። ደስታ ይሁን ፍርሃት ለራሷም አልገባትም፤ አባቷን ታውቃለችና።

አባቷ አባባ ዘሩ በሱዳን በኩል በእግር የመጡ፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማውን ጎዳና ሲጠርጉ የኖሩ፣ ቃላቸው እንደ ሚስማር የማይነቀል ሰው ናቸው። በረንዳው ላይ ፍልጥ ከተከመረ ወዲህ ወደ በረንዳው ወጥተው አያውቁም። ኦሸራት ስለ ጉልበታቸው ነው ብላ አስባ ነበር።

ሽማግሎቹ ቅዳሜ ማታ ሰንበት እንደወጣ መጡ። ፊታውራሪያቸው ጋሼ ክንዴ ናቸው፤ የአባባ ዘሩ የስደት ጓደኛ። እንደ ወጉ ዘር ተቆጠረ። በአባት ተቆጠረ፣ በእናት ተቆጠረ፤ እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ የሚያገናኛቸው ደም ጠፋ። እትዬ ብርሃነሽ በጓዳ በር ቆመው ተነፈሱ። ኦሸራት የእናቷን ቀሚስ ይዛ ነበር።

«ሥራውስ?» አሉ አባባ ዘሩ።

«እንጨት ይሸጣል» አሉ ጋሼ ክንዴ።

«ይሸጣል ወይስ ይፈልጣል?»

ሽማግሎቹ ተያዩ። ሽማግሌ በሽምግልና ላይ አይዋሽም።

«ይፈልጣል።»

አባባ ዘሩ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ሊቆጡ ነው ብለው ሁሉም ሲጠብቁ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ወጣ።

«ኦሸራት፣ ስሚኝ። ይኸን እንጨት ፈላጭ ያገባሽ እንደሆነ፣ እኔ ስሞት ከመቃብሬ እንዳትቆሚ። አፈሬን እንዳትረግጪ። በኦሪቱ ግዝት ይሁንብሽ!»

«አባ!»

«ጨርሻለሁ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ጋሼ ክንዴ ግዝቱን እንዲያነሱ እዚያው ለመኗቸው፤ ጉልበታቸውን ያዙ። አባባ ዘሩ መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። በሁለተኛው ወር፣ ቁጣው በርዶ ሰው ሊያናግራቸው ይችላል ሲባል፣ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሰሰ። ከሆስፒታል ሲወጡ ቀኝ ጎናቸው ሽባ ሆኖ፣ አንደበታቸው ተዘግቶ ነበር። ያሰረው አፍ ራሱ ታሰረ።

ኦሸራት በመጦሪያው ቤት የሰው አባቶች ታጥባለች፤ ቤት ስትመለስ የራሷን አባት ታጥባለች። ወንድሟ ሳጊ ሥራው ሩቅ ነው። እትዬ ብርሃነሽም ወገባቸው አልታዘዝ ብሏል።

አንድ ቀን እናትና ልጅ የታጠበ አንሶላ ሲያጥፉ፣ ኦሸራት ምሬቷን አፈነዳችው።

«ክንፉ አባን ምን አደረገው? ጎዳና ሲጠርግ የኖረ ሰው እንጨት ፈላጭ የሚንቀው ለምንድን ነው?»

እትዬ ብርሃነሽ የአንሶላውን ጫፍ እንደያዙ ቀሩ።

«ንቆት አይደለም። ፈርቶ ነው» አሉ። «ሱዳን ሳለን አባትሽ ለአንድ ነጋዴ እንጨት ይፈልጥ ነበር። ጧት ይወጣል፣ ሲመሽ ቂጣ ይዞ ይመለሳል። ከናንተ በፊት ልጅ ነበረን፤ ማንያዘዋል እንለው ነበር። ገና መሮጥ መጀመሩ ነው። ታመመብን። አባትሽ ‹ዛሬ ልቅር› አለኝ። ‹ምን እንበላለን፣ ሂድ› አልሁት። እኔ ነኝ ሂድ ያልሁት። ቂጣውን ይዞ ሲመለስ ልጁ ተቀብሯል። ከዚያ ወዲያ ምሣር አልጨበጠም። እንጨት ሲፈለጥ ሲሰማ እንኳ ከሰፈር ይወጣል። እንጨት ፈላጭ ቤት ሞት ሲገባ ባልየው የለም፣ እንዲህ ነው የሚያስብ።»

«ለምን አልነገራችሁንም?»

«ምን ብለን?»

አንሶላውን አጥፈው ጨረሱ።

ጋሼ ክንዴ ነገሩን ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆይተው አንድ መላ አመጡ። አፉ ቢዘጋ ግራ እጁ ደህና ነው፤ ያሰረ ሰው በፈቃዱ እጁን ከሰጠ ግዝቱ እንደ ተፈታ ይቆጠራል አሉ። ክንፉን ይዘውት መጡ። ክንፉ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጥፍሩ ውስጥ የገባውን የዛፍ ሙጫ ፍቆ ፍቆ ጣቱ ቆስሎ ነበር። አልጋው አጠገብ ተንበረከከና የታመሙትን ሰውዬ ጉልበት ሳመ።

«ዘሩ፣ ወንድሜ» አሉ ጋሼ ክንዴ። «ትሰማኛለህ አይደል? ከፈታሃት እጅህን ለዚህ ልጅ ስጠው።»

ክንፉ መዳፉን ዘረጋ። አባባ ዘሩ መዳፉን አዩት። የምሣር ዛቢያ ያደደረውን ቆዳ፣ የአውራ ጣቱን ሥር ጠባሳ፣ ሁሉን ረጋ ብለው አዩ። እንዲህ ያለ መዳፍ እሳቸውም ነበራቸው። እንባቸው በጎንና በጎን ወረደ። ከዚያ ደህናውን እጃቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተቱት።

ጋሼ ክንዴ ብዙ ጠበቁ። ብርድ ልብሱ አልተንቀሳቀሰም።

«አልተፈታም» አሉና ባርኔጣቸውን አነሱ።

ከዚያ በኋላ ምክር የማይሰጥ ዘመድ ጠፋ። ምክሩም አንድ ዓይነት ነበር፤ ጠብቁ። ግዝቱ የቀብር ነው፤ ቀብሩ ካለፈ ምን ይይዛል? ሰውዬው ደግሞ ስንት ጊዜ ይኖራል? ነገሩ ብልሃት ስለነበር ማንም የሚያፍርበት አልነበረም። ክንፉ ራሱ ተቀበለው። ኦሸራትም ተቀበለችው፤ ጠበቁም። ክረምቱ አልፎ ሌላ ክረምት መጣ።

አንድ ዝናባማ ቀን ኦሸራት በሥራ ሰዓቷ ሥራዋን ትታ ወደ ግቢው መጣች። ክንፉ ከአሮጌ ባሕር ዛፍ ጋር ሲታገል ነበር። ባሕር ዛፍ ሲያረጅ ሥጋው ይጠመዘዛል፤ በአንድ ወገን ሲከፍቱት በሌላው ይያያዛል። ምሣሩ ተነክሶ ቀርቶበት ዛቢያውን ይነቀንቃል። ፊቷን ሲያይ ተወው።

«ምን ሆንሽ?»

«ሥራ ጠፍቶ አይደለም የመጣሁት» አለች። ጸጉሯ ላይ ውሃ ይወርዳል። «ዛሬ ጧት አባቴን ሳጥበው ትንፋሹ ቆረጥ አለ። አዳመጥኩ። ምን ብዬ እንዳዳመጥኩ ታውቃለህ?»

ክንፉ ወደ እሷ ቀረበ።

«መልሶ ሲተነፍስ ከፋኝ። ትሰማለህ? አባቴ ተነፈሰ ብዬ ከፋኝ!»

«ኦሸራት...»

«እየገደልኩት ነው ክንፉ። በእጄ እያጠብኩ፣ በልቤ እየቀበርኩት ነው። ሁላችሁም ጠብቂ ትሉኛላችሁ። የምጠብቀው ምንድን ነው? ሬሳ ነው እኮ የምጠብቀው!»

ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ ጭቃና ሙጫ መሆኑን አይቶ መለሰው። እሷ ግን እጁን ሳበችና ጉንጯ ላይ አደረገችው።

«እንግዲያ ምሣሩን ልተወው» አለ። «ሱፐርማርኬት ዕቃ እደረድራለሁ። የፈለገ ይሁን።»

«ብትተወውም አይፈታውም። እኔ የወሰንኩት ሌላ ነው። አገባሃለሁ። አሁን፣ እሱ በሕይወት እያለ። ከዚያ ዕድሜ እንዲጨምርለት ከልቤ መለመን እችላለሁ።»

«ቀብሩስ?»

«ከአጥር ውጭ እቆማለሁ።»

ክንፉ የተነከሰውን ምሣር አየ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል።

«አባትሽን ሳትቀብሪ ብትቀሪ፣ እኔን ስታይ እሱን ታስቢያለሽ» አላት። «ዕድሜሽን ሙሉ። ያን ትችያለሽ?»

«አላውቅም» አለች። «የጧቱን ግን አልችልም።»

ተጋቡ። ዳንኪራ የሌለበት፣ ሰው የሌለበት ሠርግ ነበር፤ እትዬ ብርሃነሽ ጥግ ላይ ቆመው እልልታውን አፋቸው ውስጥ ዋጡት። በማግስቱ ኦሸራት እንደ ወትሮው የአባቷን ሾርባ ይዛ አልጋው ጫፍ ተቀመጠች። ልትዋሽ አልፈለገችም።

«አባ፣ አገባሁ» አለች። «ያልከውን ሰምቻለሁ። ከመቃብርህ አልቆምም፤ ቃሌ ነው። እስከዚያ ግን የማጥብህ እኔ ነኝ፣ የማጎርስህም እኔ ነኝ።»

አባባ ዘሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኦሸራት ማንኪያውን እንደያዘች ጠበቀች። ቆይተው፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ አፋቸውን ከፈቱ።

ክንፉ ሚስቱን ያደርሳል፣ ይመልሳል፤ ወደ መኝታ ክፍሉ ግን አይገባም። አንድ ጊዜ ብቻ ገባ። አዛቃ ጮኾ፣ አሮጌው ሕንፃ ማማድ የሚባለው የመጠለያ ክፍል ስለሌለው ሰው ሁሉ ወደ ደረጃው ሲሮጥ፣ ክንፉ ከታች ሽቅብ ሮጠ። አባባ ዘሩን እንደ ሕፃን አቅፎ ደረጃው ላይ አወጣቸውና ጉልበቱ ላይ ይዟቸው ተቀመጠ። ደህናው እጃቸው የክንፉን አንገት ጨምድዶ ይዞ ነበር። ይቅርታ ይሁን፣ እንዳይወድቁ ይሁን፣ የጠየቀ የለም። ወደ አልጋቸው ሲመልሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ኦሸራት ግን ለውጡን በራሷ አየችው። ጧት ጧት ትንፋሻቸውን ስታዳምጥ፣ ሲቀጥል ደስ ይላት ነበር። እንዲህ ሆነው ሁለት ክረምት አለፉ። ስትለምንላቸው ከልቧ ለመነች። በሦስተኛው መጀመሪያ፣ አንድ ማለዳ፣ እጇ ላይ እንዳሉ ሞቱ።

የዚያኑ ቀን ተቀበሩ። ነፋስ ነበር፤ ከባሕሩ የመጣ እርጥብ ነፋስ። ኦሸራት በመቃብሩ ቦታ ካለው የብረት አጥር ውጭ ከክንፉ ጋር ቆመች። ሬሳው በፊቷ አለፈ። ልትነካው እጇን ዘርግታ መለሰችው።

ሳጊ ተመልሶ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ዲ፣ ይብቃሽ ኦሸራት! በዚህ ዘመን ማን በዚህ ያምናል? ነይ ግቢ!»

«እኔ አምናለሁ» አለችው። «አባቴን ቃሌ ነው ብዬዋለሁ። ሂድ፣ የሙታኑን ጸሎት፣ ካዲሹን፣ የምትለው አንተ ነህ።»

ሄደ። ሰዎቹ እሷን እያዩ፣ ወዲያው ደግሞ ዓይናቸውን እየመለሱ አለፉ። ከሩቅ የሴቶቹ ሙሾ ይሰማል፤ ነፋሱ ቆርጦ ቆርጦ ያመጣዋል። ኦሸራት ብረቱን ይዛ በጣቷ ጫፍ ለመቆም ሞከረች፤ የሰው ጀርባ እንጂ ሌላ አይታይም። እንዲህ እንደሚያም አላሰበችም ነበር። ክንፉ ከጎኗ አልራቀም። እሷን ወደ አጥሩ ያመጣት እሱን ማግባቷ መሆኑን ያውቃል፤ ሊይዛት ፈራ።

ያን ጊዜ ሙሾው ቀጥ አለ።

እትዬ ብርሃነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ መቀነታቸውን አጥብቀው፣ ከባላቸው መቃብር አፋፍ ተነስተው ወደ በሩ ይመጡ ነበር። ወገባቸው ጎብጧል። ሊደግፋቸው የቀረበውን ሁሉ በእጃቸው ይመልሳሉ። ጋሼ ክንዴ ከኋላ ይከተሏቸዋል።

«ብርሃነሽ፣ ወዴት ነው? አፈር ሊለብስ ነው እኮ!»

መራመዳቸውን አላቆሙም። በሩ ላይ ደርሰው ልጃቸውን አዩዋት።

«ግቢ» አሉ።

«እማ፣ ግዝት ነው።»

«ግዝቱን አውቀዋለሁ፤ ጓዳ ቆሜ ሰምቸዋለሁ።» የበሩን ብረት ያዙ። «ሱዳን ላይ ማንያዘዋል ሲሞት አባትሽ የለም፣ ዘመድ የለም። ሁሉ ታሟል። አሸዋውን በእጄ ጫርሁ። ብቻየን ነው ልጄን የቀበርሁት። ይኸን ለዘሩም አልነገርሁት፤ ሰዎች ቀበሩት አልሁት። ሰው አልነበረም።»

ጋሼ ክንዴ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አንድ ጊዜ ብቻየን ቀብሬአለሁ» አሉ እትዬ ብርሃነሽ። «ሁለተኛ ብቻየን አልቀብርም። ግዝቱ በኔ ይሁን። እርግማኑ በኔ ራስ ላይ ይሁን፣ ልጄ፤ ያን ቀን አባትሽን ሂድ ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። ዘሩን ስደርስበት እኔው እነግረዋለሁ።»

በአንድ እጃቸው የኦሸራትን እጅ ያዙ። ሌላውን ለክንፉ ዘረጉ። ክንፉ አልተንቀሳቀሰም።

«አንተስ ምን ትጠብቃለህ? ጉልበት ያለው ሰው ነው የቸገረኝ» አሉት።

ሦስቱም ገቡ። ሰው መንገድ ለቀቀ። መቃብሩ አጠገብ አካፋው አፈር ላይ ተተክሎ ቆሟል፤ በቀብር ላይ አካፋ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም፣ አፈር የሚያለብሰው ራሱ ነው የሚያነሳው። ክንፉ ሽማግሎቹን አየ። ጋሼ ክንዴ አንገታቸውን ደፉ። ሳጊ ወደ ጎን ፈቀቅ አለለት። ክንፉ አካፋውን ነቀለና በዝግታ፣ አፈሩ ድንገት እንዳይወድቅባቸው እየተጠነቀቀ፣ መሙላት ጀመረ።

ኦሸራት ከእናቷ ጎን ቆማ አባቷን ቀበረች።